ሐር የሌለበት የሐር ገበያ፦ በግራናዳ ለመገብየት የወጣ ነጋዴ የሚያገኘው ታሪክ

ነጋዴ ለጉብኝት ቢሄድም ዓይኑ ዕቃ ላይ ነው። ደቡብ እስፔን ውስጥ ግራናዳ ስንገባም ይኸው ልማዳችን ተከተለን። ሌላው ጎብኚ የአልሐምራን ቤተ መንግሥት አይቶ ሲወርድ ፎቶ ያነሳል፤ እኛ ጨርቅ እንዳስሳለን። ከካቴድራሉ ጎን አልካይሴሪያ የሚባል ገበያ አለ። መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድበት ይጠብባል። በግራና በቀኝ ባለቀለም ፋኖስ፣ ማራገቢያ፣ የቆዳ ቦርሳ፣ ሻርፕ ተንጠልጥሏል። አንዱን የሐር የሚመስል ሻርፕ አንስተን፣ እንደ ልማዳችን ጠርዙን ገልብጠን ምልክቱን አነበብን። ፖሊስተር ነው። የተሠራውም እስፔን አይደለም። እኛ ገበያ በጅምላ ከሚራገፈው ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው።

በሌላ ገበያ ቢሆን አይደንቀንም ነበር። የመጣ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ እኛም የምንኖረው በዚያው ነው። አልካይሴሪያ ግን ለብዙ ዘመን ሐር የሚመዘንበት፣ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ ማኅተም የሚመታበት ቦታ ነበር። የግራናዳ ሐር ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ነበር። ታዲያ የሐር ገበያ እንዴት ሐር አጣ? መልሱን ፍለጋ ስንገባ ያገኘነው ታሪክ የጨርቅ ብቻ አይደለም፤ የነጋዴም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ተራ በተራ

ግራናዳን ከ1238 እስከ 1492 የገዟት ናስሪድ የሚባሉ ሙስሊም ነገሥታት ናቸው። የገበያው ስም ከዐረብኛው «አል ቀይሰሪያ» የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ እኛ «ቄሳር» የምንለው የነገሥታት መጠሪያ ነው። በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከተሞችም በዚህ ስም የሚጠራ ገበያ አለ። ትርጉሙ በግርድፉ የመንግሥት ገበያ ማለት ነው፤ ውድ ዕቃ ብቻ የሚሸጥበት፣ በር ያለው፣ የሚጠበቅ። የግራናዳው ማታ ማታ በሮቹ ይዘጉና ጠባቂና ውሻ ይሰማራበት ነበር። ፈረሰኛ ሰተት ብሎ እንዳይገባም በሮቹ ላይ ሰንሰለት ይዘረጋ ነበር። የነጋዴው ሀብት እዚያው ያድር ነበርና ጥበቃው አይበዛም።

የአልካይሴሪያን ዙሪያ ስንዞር መርካቶ የሄድን መሰለን። መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ እየተባለ እንደሚከፈለው፣ እዚህም መንገዱ በሙያ ተሰይሟል። ካልዴሬሪያ የድስትና የጋን ሠሪዎች ተራ ነው። ሜሶኔስ የእንግዳ ማረፊያዎች መንገድ ነው። ዛሬ ታዋቂ ልብስ ቤቶች የተደረደሩበት ሳካቲን ደግሞ ስሙን ያገኘው «ሰቃጢን» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው፤ አሮጌ ልብስ ሻጮች ማለት ነው። ሰልባጅ ተራ በሉት። ዛሬ መስታወት ውስጥ የተሰቀለውን ውድ ጃኬት እያየን ይህን ስናስታውስ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ ኮራል ዴል ካርቦን አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የነጋዴዎች ማደሪያ ነው። በትልቁ ቅስት በር ሲገባ አራት ማዕዘን ግቢ፣ መሐሉ ላይ የውኃ ገንዳ፣ ዙሪያውን ሦስት ደርብ ክፍሎች ይታያሉ። ምድር ቤቱ ለከብትና ለጭነት፣ ላይኛው ለባለ ዕቃው ነበር። ነጋዴው ከመንገድ ደርሶ ዕቃውን ያራግፋል፣ በቅሎውን ያጠጣል፣ ዕቃው ላይ ዓይኑን ጥሎ ይተኛል። በኋላ ዘመን ቲያትር ሆነ፣ የከሰል ነጋዴዎችም ገቡበት፤ የዛሬው ስሙ «የከሰል ግቢ» ማለት ነው። እንደ ጥንቱ ሆኖ የተረፈ እንዲህ ያለ ማደሪያ በመላው እስፔን ሌላ የለም። ከማደሪያው ወደ ሐር ገበያው የሚያሻግር ድልድይ ነበር። ዛሬ ድልድዩን አያዩትም፤ የዳሮ ወንዝ ተሸፍኖ ከሥሩ ይፈስሳል፣ በላዩ አውቶቡስ ይሄዳል።

ቋንቋቸውንም ስንሰማ ጆሯችን ይነቃ ነበር። መጋዘን «አልማሴን» ነው። ታሪፍ «ታሪፋ» ነው። ኩንታል ያው «ኪንታል» ነው። ስኳር «አሱካር»፣ ሩዝ «አሮስ»፣ ሎሚ «ሊሞን» ነው። እነዚህ ቃላት ከዐረብኛ ወደ እስፓኝ የገቡት በገበያና በጉምሩክ በኩል ነው። ከእኛ ዘንድም በሌላ መንገድ፣ አንዳንዱ በቀይ ባሕር፣ አንዳንዱ በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ ዞሮ ደርሷል። ከሁሉ ያሳቀን ግን «ካሚሳ» ነው። ቀሚስ መስሎን ብንጠይቅ ሸሚዝ አመጡልን። ለካስ ቀሚስም ሸሚዝም ካሚሳም ከአንድ የላቲን ቃል የወጡ ናቸው፤ አንዱ በዐረብኛ፣ ሌላው በፈረንሳይኛ ዞረው ነው አማርኛ ውስጥ የተገናኙት።

ሐሩ እንዴት ይደርስ ነበር

ሐሩ የሚወጣው ከከተማው አልነበረም። ከግራናዳ በስተደቡብ አልፑሃራስ የሚባሉ ተራሮች አሉ። እዚያ ያሉ ገበሬዎች ትሉ የሚበላውን ቅጠል የሚሰጠውን ዛፍ ይተክላሉ፤ ትሉን ቤት ውስጥ ያሳድጉታል። ሥራው የቤተሰብ ነው። ቅጠሉ ትኩስ መሆን አለበት፣ ቤቱ መሞቅ አለበት፣ ትሉ ድሩን ሲጨርስ ጊዜው ሳያልፍ በሙቅ ውኃ ነክሮ ክሩን መተርተር ያስፈልጋል። አንድ ቀን የዘገየ የዓመት ልፋቱን ያበላሻል። ይህ ከመጽሐፍ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም፤ እናት ለልጇ በእጅ የምታሳየው ነው።

ክሩ ተራራውን ወርዶ አልካይሴሪያ ሲደርስ ፈቃድ ያላቸው የሐር ደላሎች ይቀበሉታል። ደላላው የገበሬውን ክር በጨረታ ይሸጥለታል፣ ይመዘናል፣ ቀረጡ ይቆረጣል፣ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም የሌለው ሐር ኮንትሮባንድ ነው። ገበሬው በየጊዜው ከተማ መመላለስ ስለማይችል ደላላውን ማመን ነበረበት፤ ሸማኔውም የደላላውን ቃል ይዞ ነበር የሚገዛው። ገዢዎቹ ከሩቅም ይመጡ ነበር። የጣልያኗ ጄኖዋ ነጋዴዎች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከግራናዳ ነገሥታት ጋር ውል ነበራቸው፤ ሐር፣ ስኳርና የደረቀ ፍራፍሬ በመርከብ ያወጡ ነበር። ሙስሊሙ አምራች፣ አይሁዱ ነጋዴና አስተርጓሚ፣ ክርስቲያኑ ጄኖዋዊ አንድ ገበያ ላይ ይገናኙ ነበር። ይዋደዱ ነበር አንልም። ይፈላለጉ ግን ነበር።

የተፈረመውና የፈረሰው

በኅዳር 1491 ግራናዳ ከረጅም ከበባ በኋላ እጅ ለመስጠት ተስማማች፤ በጥር 2 ቀን 1492 የካስቲል ንግሥት ኢሳቤላና የአራጎን ንጉሥ ፈርዲናንድ ከተማዋን ተረከቡ። ውሉ በጽሑፍ ነበር። ሙስሊሞቹ በሃይማኖታቸው፣ በቤታቸው፣ በንብረታቸው ይኖራሉ ይላል። ንግድም አልተረሳም፤ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻግረው መነገድ ይችላሉ፣ በካስቲል ከተሞችም ክርስቲያን ነጋዴ ከሚከፍለው የበለጠ ቀረጥ አይጠየቁም ተብሎ ተጽፏል። ይህን ስናነብ ውሉን ካረቀቁት መካከል የገበያ ሰው ሳይኖር አይቀርም አልን።

ሦስት ወር አልሞላም። በመጋቢት 31 ቀን 1492 እዚያው ግራናዳ ውስጥ ሌላ ወረቀት ተፈረመ፤ የማይጠመቅ አይሁድ ሁሉ በአራት ወር ውስጥ አገሩን ይልቀቅ የሚል። ንብረታቸውን ሸጠው መሄድ ይችላሉ ተባለ፤ ወርቅ፣ ብርና ገንዘብ ይዘው መውጣት ግን ተከለከሉ። ቀን ቆጥሮ የሚሸጥ ሰው ምን ዋጋ እንደሚያገኝ ነጋዴ አይጠፋውም። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ አንድሬስ በርናልዴስ ቤት በአህያ፣ የወይን ቦታ በጥቂት ጨርቅ ይለወጥ እንደነበር ጽፏል።

የሙስሊሞቹም ውል ብዙ አልቆየ። በ1499 ካርዲናል ሲስኔሮስ ግራናዳ መጥቶ በግድ ማጥመቅ ሲጀምር አመፅ ተነሳ። አመፁ ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ሆነ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወይ መጠመቅ ወይ መሄድ ተባለ። የተጠመቁት «ሞሪስኮ» ተባሉ። ገበያው ግን ቀጠለ፤ ሐሩን ያለ እነሱ የሚሠራው አልነበረምና፤ የሐር ቀረጥም ለነገሥታቱ ትልቅ ገቢ ነበር።

በጥር 1567 ደግሞ በንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ዘመን አዲስ ዐዋጅ ወጣ። ዐረብኛ መናገርና መጻፍ፣ የአገር ልብስ መልበስ፣ ሌላም ሌላም ልማድ ተከለከለ። በዚያን ጊዜ ፍራንሲስኮ ኑኜስ ሙሌይ የሚባል ያረጀ የሞሪስኮ ታላቅ ሰው ለግራናዳው የንጉሥ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አቤቱታ ጻፈ። አቤቱታው እስከ ዛሬ አለ። ከሃይማኖት ክርክር ይልቅ የኑሮ ሒሳብ ይበዛበታል። ልብስ የአገር ልማድ እንጂ የእምነት ምልክት አይደለም፤ በምሥራቅ ዐረብኛ የሚናገሩ ክርስቲያኖች አሉ ይላል። ከዚያ ወደ ገበያው ይገባል። ልብሱ ቢከለከል ሰፊው፣ ጥልፍ ሠሪው፣ ጫማ ሠሪው፣ አንጥረኛው፣ ጨርቅ ሻጩ ምን ይበላል? ሳጥኗ ውስጥ ያስቀመጠችውን ልብስ ሀብቴ የምትል ድኻ ሴት ልብሷ በአንድ ቀን ዋጋ ሲያጣ ሌላ በምን ትገዛለች? የንጉሡስ ቀረጥ ከየት ይመጣል?

ሽማግሌው ያቀረበው የነጋዴ ክርክር ነበር። አልሰሙትም።

ከእሳቱ በፊት የጠፋው

በ1568 የገና ዋዜማ አልፑሃራስ ላይ ጦርነት ተነሳ። እስከ 1571 የዘለቀ፣ በሁለቱም ወገን ጭካኔ የበዛበት ጦርነት ነበር። በመጨረሻ መንግሥት የወሰደው እርምጃ ያመፀውንም ያላመፀውንም ነካ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የግራናዳ ሞሪስኮዎች በክረምት ብርድ፣ በወታደር ታጅበው፣ ወደ ካስቲል ከተሞች ተበተኑ። ብዙዎች በመንገድ ሞቱ። ከ1609 እስከ 1614 ደግሞ በመላው እስፔን የቀሩት፣ ወደ ሦስት መቶ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ ከአገር ወጡ።

ባዶ መንደሮቹን ለመሙላት ከሰሜን ሰፋሪዎች መጡ፤ ቤትና መሬት ተሰጣቸው። ዛፎቹ እዚያው ናቸው። ትሉን በስንተኛው ቀን እንደሚነክሩት የሚያውቁት ሴቶች ግን ሄደዋል። አልካይሴሪያ አልተዘጋም፤ ሚዛኑም ማኅተሙም ሹሙም ነበሩ። ሐር ሽመናውም ጭራሹን አልሞተም፣ ለብዙ ዘመን እየሳሳ ቀጥሏል። የቀድሞው ስፋት ግን አልተመለሰም። ሰው የሌለው ሚዛን ምን ይመዝናል?

በሐምሌ 1843 በአጠገቡ ባለ መንገድ ላይ ከነበረ የክብሪት ሱቅ እሳት ተነስቶ ገበያውን በላው። ዛሬ የምናየው ከእሳቱ በኋላ በጥቂቱ ተጠብቦ፣ የድሮውን መልክ አስመስለው የሠሩት ነው። ቅስቱና ጌጡ የናስሪዶች የሚመስለን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ስለዚህ ሰው «ገበያው ተቃጠለ» ሲለን በልባችን «ሐሩስ ከእሳቱ በፊት ሄዷል» እንላለን።

እኛንም የሚነካን

ይህን ታሪክ የሩቅ ሰዎች ታሪክ አድርገን ማንበብ አልቻልንም። ድንበር ተሻግሮ የሚነግድ ሰው ሁልጊዜ የሰው አገር ሰው ነው። ወረቀት ይዟል፣ ግብር ይከፍላል፣ ልጆቹ የአገሩን ቋንቋ ይናገራሉ፤ አንድ ቀን ግን «ዘጠና ቀን አለህ» ሊባል ይችላል። በነሐሴ 1972 ኢዲ አሚን የኡጋንዳ እስያውያንን ያላቸው እንዲሁ ነው። ሱቆቹ ለሌላ ተሰጡ፤ ብዙም ሳይቆይ መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆኑ፤ ዕቃ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን በዱቤ እንደሚሰጥ የሚያውቀው ሰው የለማ። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ በሁለቱም ወገን ለዓመታት ከኖሩበት ከተማ የተባረሩ ነጋዴዎች ነበሩ። የዱቤ መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ቀረ፤ ተበዳሪው እዚህ፣ አበዳሪው እዚያ።

በኢትዮጵያ ከተሞችስ ታላላቆቻችን የሰፈር ሱቅን «ዐረብ ቤት» የሚሉት ለምንድን ነው? የመናውያን ነጋዴዎች በየሰፈሩ ሱቅ ከፍተው ስለነበረ ነው። ከ1974 አብዮት በኋላ አብዛኞቹ ሄዱ። ስሙ ግን ቀረ፤ ሳካቲን ላይ አሮጌ ልብስ ሻጮቹ ሄደው ስማቸው እንደቀረው ማለት ነው።

ሰው ሲባረር ሱቁን የሚረከበው ሰው የተጠቀመ ይመስለዋል። የሚረከበው ግን ግድግዳና መደርደሪያ ነው። ዕቃውን ወደ መደርደሪያው ያመጣው የነበረው ትውውቅ፣ «ዛሬ ውሰድ፣ ስትመለስ ትከፍላለህ» የሚለው መተማመን፣ ጥሩውን ከመጥፎው በጣት የሚለየው እጅ በሊብሬ አይተላለፍም።

ዛሬ ለሚገበይ

ግራናዳ ዛሬም የሚገዛ አታጣም። ታራሴአ የሚባል የእንጨት ጌጥ አለ፤ ከናስሪዶች ዘመን የወረደ ሙያ ነው። ባለሙያው የተለያየ ቀለም ያላቸውን ቀጫጭን እንጨቶች፣ አጥንትም ጨምሮ፣ አንድ ላይ አጣብቆ እንደ ዘንግ ያስራቸዋል፤ ከዚያ እንደ ዳቦ በስሱ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ፊት ላይ ኮከቡ ወጥቶ ይታያል። ያንን ሳጥን ላይ ይለጥፋል። አስመስሎ የታተመም ይሸጣል፤ ስለዚህ ሳጥኑን አንስታችሁ ጠርዙን እዩት፣ በጥፍራችሁ ዳስሱት። እውነተኛው ላይ መገጣጠሚያው ይታያል፤ የታተመው ልስልስ ብሎ ያልፋል።

ሸክላም አለ፤ ነጭ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀባ፣ መሐሉ ላይ ሮማን ያለበት። «ግራናዳ» በእስፓኝ ሮማን ማለት ነው፤ የከተማዋ ምልክትም ነው። የሸክላው ዓይነት ፋሃላውሳ ይባላል፤ አልባይሲን ሠፈር ሸክላ ሠሪዎቹ ከነበሩበት በር የተገኘ ስም ነው። በዐረብኛ «ፈጅ አል ለውዝ» ነበር፤ ለውዝ ያልነው እነሱ ዘንድ አልሞንድ ነው።

ለጉዞ ለሚዘጋጁ ሁለት ሦስት ነገር እናስታውስ። ከስምንት ሰዓት ገደማ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብዙ ትንንሽ ሱቆች ይዘጋሉ፤ እሑድም እንዲሁ። ዋጋው በብዛት የተቆረጠ ነው፤ ብዙ ዕቃ ለሚገዛ ግን አልካይሴሪያ ውስጥ መጠየቅ ነውር የለውም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትኖሩ ከሆነ ዕቃው ላይ ያለው ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በአብዛኛው 21 በመቶ፣ ይመለሳል፤ ከ2018 ወዲህ ዝቅተኛ የግዢ መጠን አይጠየቅም። ስትገዙ ፓስፖርት አሳይታችሁ ቅጹን ጠይቁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት «ዲቫ» የሚባለው ማሽን ላይ አረጋግጡት። ዕቃው በሦስት ወር ውስጥ መውጣት አለበት። አመላላሽ ድርጅቱ ኮሚሽን ስለሚቆርጥ ሙሉው እጃችሁ አይገባም።

አመሻሽ ላይ ካልዴሬሪያ የሚባለውን ዳገት ወጣን። የድስት ሠሪዎቹ መንገድ ዛሬ የሻይ ቤትና የሰሜን አፍሪካ ዕቃ ተራ ሆኗል። ካለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሞሮኮ ሰዎች መጥተው ሱቅ ከፍተውበታል። ባሕሩን ተሻግረው የተባረሩት ልጆች ናቸው ማለታችን አይደለም፤ እንደ እኛው ሥራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። በናና የተፈላ ሻይ ጠጥተን፣ ጥቂት ተከራክረን፣ አንድ ባለ ሮማን ሳህን ገዛን። ሻጩ በጋዜጣ ሲጠቀልልልን ከየት እንደመጣን ጠየቀን፤ እኛም እሱን ከየት እንደመጣ ጠየቅነው። ዋጋው ላይ ሁለት ዩሮ ቀነሰልን።

አገር ቤት ስትገቡ፣ ወይም ያላችሁበት ከተማ ውስጥ፣ ታላላቆቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁልን። የሰፈራችሁን ሱቅ ከአሁኑ ባለቤት በፊት ማን ይዞት ነበር? ወዴትስ ሄደ?